ሰውን በሦስት የከፈሉት ሰው

አቶ ጌታሁን ማረፋቸውን የሰማሁት ባለፈው ሳምንት፣ ደሴ ፒያሳ፣ መድኃኒት ቤት በር ላይ ተሰልፌ ሳለሁ ነው። አንዲት የድሮ የሥራ ባልደረባዬ ትከሻዬን ነካ አድርጋ «ጋሽ ጌታሁንን ቀበርናቸው እኮ፤ አልሰማሽም?» አለችኝ። እውነቱን ልናገርና መጀመሪያ የመጣብኝ እንባ አልነበረም፤ ሳቅ ነበር። እሳቸው ቆመው ቢያዩኝ አይቆጡም ነበር። ማስታወሻቸውን ከኪሳቸው አውጥተው «ሰናይት፣ መርዶው ሲነገርሽ መጀመሪያ ምን ታየሽ? ምን ድምፅ ሰማሽ? ሰውነትሽ የቱ ጋ ቀዘቀዘሽ?» ብለው መልሴን ይመዘግቡ ነበር።

አራት ዓመት ረዳታቸው ሆኜ ሠርቻለሁ። ኮምቦልቻ አንዲት የብርድ ልብስ ፋብሪካ ነበረች፤ ዛሬ ተዘግታ ግቢዋን ሣር ወርሶታል። እሳቸው የሥልጠና ክፍል ኃላፊ፣ እኔ ጸሐፊያቸውም ረዳታቸውም፣ ክፍሉም እኛው ሁለታችን ነበርን። እሳቸው ከቧንቧ ውሃ ሰፈር፣ እኔ ከፒያሳ እየመጣን በየጠዋቱ በአንድ ሚኒባስ ቁልቁል እንወርዳለን። ደሴ ብርድ ነው፣ ኮምቦልቻ ሙቀት፤ እሳቸው ግን በሁለቱም ከተማ ክራባታቸውን እስከ ጉሮሯቸው አጥብቀው ነው የሚውሉት። «የኃላፊ ላብ አይታይም» ይሉ ነበር። ይታይ ነበር።

መጀመሪያ ላይ ሥልጠና ማለት ቀላል ነገር ነበር። ከየገጠሩ የመጡትን አዳዲስ ሠራተኞች አዳራሽ ሰብስበው የፋብሪካውን ደንብ ከአንቀጽ አንድ እስከ መጨረሻው ያነቡላቸዋል፤ እንቅልፍ የወሰደው ሥልጠናውን እንዳጠናቀቀ ይቆጠራል። ኋላ ጋሽ ጌታሁን አዲስ አበባ ለአምስት ቀን የአሠልጣኞች ስብሰባ ተልከው ሄዱ። ሲመለሱ ሌላ ሰው ሆነው ተመለሱ።

ያን ሰኞ ጠዋት ሚኒባስ ውስጥ ገና ሳልቀመጥ ጀመሩ።

«ሰናይት፣ ሰው ሦስት ነው።»

«ሦስት ምን ጋሼ?»

«ሦስት ዓይነት። የዓይን ሰው አለ፣ የጆሮ ሰው አለ፣ የእጅ ሰው አለ። የዓይን ሰው ካላየ አይገባውም። የጆሮ ሰው ካልሰማ አይገባውም። የእጅ ሰው ካልነካ አይገባውም። እስከ ዛሬ ያልተግባባነው ለዓይን ሰው ስንለፈልፍ፣ ለጆሮ ሰው ስንጽፍ ኖረን ነው።»

«እርስዎስ የትኛው ነዎት?»

«እኔ አሠልጣኝ ነኝ» አሉኝ።

ለምን እንደሆነ ባላውቅም ጥናታቸውን፣ መኪናው እስኪሞላ ውጭ ከቆመው ሾፌር ጀመሩ። አንገታቸውን በመስኮት አውጥተው «ወንድሜ፣ ኮምቦልቻ በየት በኩል ነው?» ብለው ጠየቁት። ሰውየው በዚያ መንገድ ላይ ፀጉሩን ያሸበተ ሾፌር ነው፤ ለሥራም በየቀኑ ያመላልሳቸዋል። ትንሽ አያቸውና መጥቶ ክንዳቸውን በቀስታ ያዝ አድርጎ ወደ ወንበራቸው መለሳቸው። «አባቴ፣ አይጨነቁ፤ እኔ አደርስዎታለሁ» አላቸው። ጋሽ ጌታሁን ደስ ብሏቸው ጻፉ፦ «ክንዴን ይዞ መለሰልኝ። የእጅ ሰው።»

በሁለት ሳምንት ውስጥ ፋብሪካው ተከፋፈለ። አረንጓዴ ሪባን ለዓይን ሰዎች፣ ቢጫ ለጆሮ ሰዎች፣ ቀይ ለእጅ ሰዎች ክንዳቸው ላይ ታሰረ። ፈረቃ ሲቀያየር ግቢው የባንዲራ ቀን ይመስል ነበር። መለያ ፈተናውም አንድ ጥያቄ ብቻ ነው። ሠራተኛው ፊታቸው ይቀመጣል፤ እሳቸው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ዝናብ» ይላሉ፤ ከዚያ ምን እንደመጣበት ይጠይቁታል። ደመና ያለ የዓይን ሰው፣ የቆርቆሮ ድምፅ ያለ የጆሮ ሰው፣ ብርድ ያለ የእጅ ሰው ነው። እኔ ጎናቸው ሆኜ እመዘግባለሁ።

ችግሩ፣ ከገበሬ ቤት የመጣ ሰው ዝናብ ሲባል ደመናም ቆርቆሮም አይመጣበትም።

«የመቼ ዝናብ?» አለች አንዷ።

«ዝም ብሎ ዝናብ።»

«ዝም ብሎ ዝናብ አለ እንዴ ጋሼ? የሰኔ ከሆነ እሰየው ነው። የኅዳር ከሆነ እህሉ አውድማ ላይ ነው፤ ጉድ ፈላ።»

ጋሽ ጌታሁን ብዙ አሰቡ። «ተጨንቃለች፤ ጭንቀት በሰውነት ነው የሚሰማ። ቀይ ስጫት» አሉኝ።

የበሩ ጥበቃ አባ ወልዴ በልጅነታቸው ቄስ ትምህርት ቤት፣ ኋላም ዜማ ቤት የከረሙ ሰው ናቸው። ተራቸው ደርሶ ስለ ሦስቱ መደቦች ሲነገራቸው በትዕግሥት አዳመጡና እንዲህ አሉ፦ «እኛ ፊደል ስንቆጥር በዓይናችን እያየን፣ በእንጨት እየነካን፣ በአፋችን እየጮኽን ነው። ከሦስቱ አንዱ የጎደለ እንደሆነ የኔታ በአለንጋ ይሞሉልን ነበር።» ሪባን አልታሰረላቸውም። መዝገቡ ላይ «ለሥልጠና ያስቸግራሉ» ተብለው ተጻፉ።

ከድጃ የመጣችው በሦስተኛው ቀን ነው። በሽመና ክፍሉ ከቆዩት ሴቶች አንዷ ናት፤ ቀጠን ያለች፣ ዓይኗ የማያርፍ፣ ምላሷ እንደ ሚጥሚጣ የሚፋጅ። ጋሽ ጌታሁን ሲናገሩ ግን ፊቷ ረጋ አለ። ከፊታቸው ላይ ዓይኗን አልነቀለችም። አንድም ቃል ሳታስደግም፣ ሳትቸኩል፣ እያንዳንዱን ጥያቄ መለሰች። ስትወጣ ጋሽ ጌታሁን ወንበራቸው ላይ ተለጠጡ።

«አየሽ አደማመጥ? በሕይወቴ እንደዚህ የሰማኝ ሰው የለም። ባለቤቴ እንኳ እንደዚህ ሰምታኝ አታውቅም። ይህቺ የጆሮ ሰዎች ንግሥት ናት።»

ቢጫ ሪባን በገዛ እጃቸው አሰሩላት። ከዚያ በኋላ ስብሰባ በተጠራ ቁጥር «ማዳመጥን ከከድጃ ተማሩ!» ይሉ ጀመር።

እኔ በዚያው ሰሞን ግቢ ውስጥ ከኋላዋ ሆኜ ሁለት ጊዜ ስሟን ጠርቻት ዞርም ሳትል ሄዳለች። «ንግሥት ከተባለች ወዲህ ኮራችብን» ብዬ ለሰው አወራሁ። ከዚያ በላይ አላሰብኩም።

ቀጥሎ ሥዕሎቹ መጡ። ለዓይን ሰዎች ግድግዳው ላይ ትልልቅ ሥዕል ተሰቀለ። አንዱ ላይ ፀጉሯን የለቀቀች ሴት ማሽን አጠገብ ቆማለች፤ ላይዋ ላይ ትልቅ ቀይ ኤክስ ተሠርቷል። ፀጉራችሁን ሸፍኑ ማለት ነው። ሠራተኞቹ ግን ሳምንቱን ሙሉ «ይህቺ የተሰረዘችው ማን ናት? ምን አጥፍታ ተባረረች?» ሲሉ ሰነበቱ። አንዳንዶቹም አዘኑላት።

ሁለተኛው ሥዕል ሦስት ክፍል አለው። በግራ በኩል ማሽኑ ይቆማል፣ መካከል ላይ ሠራተኛዋ ትጠብቃለች፣ በቀኝ በኩል እጇን አስገብታ ታጸዳለች። ከድጃ እሱን አይታ ቢሯችን ድረስ መጣች።

«ጋሼ፣ እኛ ሰፈር ብዙዎቻችን ንባብ የጀመርነው ቁርኣን ቤት ነው። ከቀኝ ነው የምንጀምረው። እንግዲህ ከቀኝ ሲነበብ፣ መጀመሪያ እጅሽን ክተቺ፣ ከዚያ ጠብቂ፣ ከዚያ ማሽኑን አቁሚ ይላል።»

ጋሽ ጌታሁን በአዘኔታ ፈገግ አሉላት። «አንቺ የጆሮ ሰው ነሽ እኮ ከድጃ። ሥዕል አይመለከትሽም» አሏት። እሷም እኔን አየችኝ። እኔ ጽሑፌን አየሁ።

እስከዚህ ድረስ ያስቅ ነበር። ነገሩ የተበላሸው መብራቱ ላይ ሲደረስ ነው። የሽመና ማሽኖቹ ለጽዳት ከቆሙ በኋላ እንደገና ሊነሱ ሲሉ በየመስመሩ ራስጌ ያለ ቀይ መብራት ይበራል፤ ያን ጊዜ ሁሉም እጁን ያወጣል። ጋሽ ጌታሁን አራተኛውን መስመር ለጆሮ ሰዎች ብቻ ሰጥተው መብራቱን አወረዱት። በምትኩ ደወል ተከሉ።

የሽመና ክፍሉ ፎርማን ለመከራከር ሞከረ። «ጋሼ፣ የጎን መስመሮቹ እየጮኹ ደወል ማን ይሰማል?»

«ለዚህ አይደል የጆሮ ሰው የተመረጠው!» አሉት። «ለጆሮ ሰው መብራት ማብራት አሳቡን መበተን ነው።»

ማስታወቂያውን የጻፍኩት እኔ ነኝ። «አራተኛው መስመር ከነገ ጀምሮ በደወል ይሠራል» የሚል ነው። ማኅተም መትቼ ለጠፍኩት።

ከአሥር ቀን በኋላ፣ ከቀትር በኋላ፣ የአራተኛው መስመር ማሽኖች ለጽዳት ቆመው ነበር። ከድጃ ጎንበስ ብላ ከማሽኗ ሥር የተጠራቀመውን የክር ብናኝ በጣቷ ትለቅማለች። ደወሉ ተደወለ። እኔ ቢሮ ሆኜ ሰምቼዋለሁ። ሌሎቹም፣ የሰሙት ሰምተው፣ ያልሰሙት ሌሎቹን አይተው እጃቸውን አወጡ። ከድጃ ያጎነበሰች ስለነበረች ማንንም አላየችም። ማሽኑ ተነሣ። አጠገቧ ያለችው ሴት ዘላ አቆመችው እንጂ እጇ ይሄድ ነበር። የቀኝ እጇን ሁለት ጣቶች ግን ከመጀመሪያው አንጓ በላይ አጣች።

በማግሥቱ ሥራ አስኪያጁ ሪፖርት ፈለጉ። ጋሽ ጌታሁን ፊታቸው አመድ መስሎ አስጻፉኝ፦ «የማስጠንቀቂያ ደወል እየተደወለ ሠራተኛዋ በቸልተኝነት እጇን ባለማውጣቷ አደጋው ደርሷል።» ጻፍኩ። ቸልተኝነት የሚለው ቃል ላይ ትንሽ ቆም አሉ፤ ከዚያ «ይሁን» አሉ። አልፈረሙበትም። አጣጥፈው ኪሳቸው ከተቱትና «መጀመሪያ እንጠይቃት» አሉኝ።

ደሴ ሆስፒታል ተኝታ ነበር። እጇ በፋሻ ተጠቅልሎ ትራስ ላይ ተቀምጧል፤ እህቷ ዘይነባ ብርቱካን ትልጥላታለች። ጋሽ ጌታሁን ፊቷን ማየት አልቻሉም። ወደ መስኮቱ ዞረው፣ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ተናገሩ።

«ከድጃ፣ አላህ ይማርሽ። እንዴት እንዲህ ሆነ? ደወሉን እየሰማሽ ለምን እጅሽን አላወጣሽም?»

መልስ የለም።

«ከድጃ፣ አንቺን ለመክሰስ አይደለም። ንገሪኝ።»

አሁንም መልስ የለም። ወደኔ ጠጋ ብለው «ተቆጥታብኛለች» አሉኝ።

ዘይነባ ቢላዋውን አስቀመጠች። «ኧረ ጋሼ፣ ፊትዎን ያዙሩላት! ለመስኮቱ ነው እንዴ የሚያወሩት?»

«ምን ለውጥ አለው?»

«ጆሮዋ ከሄደ ስንት ዓመቱ! አፍ አይታ ነው የምትሰማ።»

ጋሽ ጌታሁን ዞሩ። ከድጃ ዓይኗን አፋቸው ላይ ተክላ ስትጠብቅ ነበር። ያ በሕይወታቸው አይተውት የማያውቁት አደማመጥ ነው።

«ደብቄ ነው» አለች። ድምፅዋ ክፍሉን ሞላው፤ የራሷን ድምፅ ስለማትሰማ ከፍ አድርጋ ነው የምትናገረው። «ወላሂ ደብቄ ነው። ማሽኑ ነው ቀስ እያለ የወሰደብኝ። አትሰማም ከተባልኩ መጥረጊያ ይዘሽ ግቢ ጥረጊ እንደምባል አውቃለሁ። እርስዎ ደግሞ መጥተው የጆሮ ሰው ነሽ አሉኝ። ሳቄን እንዴት እንደቻልኩት አላህ ነው የሚያውቀው። ‹ያረቢ፣ ሐኪም ያልመለሰውን ጆሮ ጋሽ ጌታሁን በሪባን መለሱልኝ!› ብዬ ለሴቶቹ ስነግራቸው ሲስቁ ዋሉ።»

«ሲስቁ አልሰማሁም» አሉ ጋሽ ጌታሁን፣ እንደ ሕፃን።

«እንዴት ይሰማሉ? ሽመና ክፍል ውስጥ ማን በድምፅ ያወራል? ሁላችንም በከንፈር ነው። ግማሾቻችን ጆሯችን ሄዷል፤ ግማሾቻችን እየሄደ ነው። ከንፈርም ግን ያሳስታል። ‹መ› እና ‹በ› አይለዩም። ሥራ አስኪያጁ ስብሰባ ላይ ‹መላ አለው› ሲሉ ለእኛ ‹በላ› ነው የሚመስለን።» ትንሽ አሰበችና ጨመረች። «ያም ቢሆን ብዙ ስተን አናውቅም።»

ዘይነባ ሳቋን በነጠላዋ አፈነች። ጋሽ ጌታሁን አልሳቁም። ከድጃ አልጋ ጫፍ ላይ ተቀመጡና፣ ፊታቸውን ወደ እሷ አድርገው፣ ቃሉን እየከፋፈሉ «ከድጃ፣ አፉ በይኝ» አሏት።

«አፉ ብያለሁ» አለች። «መብራቴን ግን ይመልሱልኝ።»

ከሆስፒታሉ በር ስንወጣ ድንገት ቆሙ። «ሰናይት፣ አራተኛ መደብ አለ ማለት ነው፤ የከንፈር ሰ...» ብለው ጀመሩ። ከዚያ ግንባራቸውን በጥፊ መቱ። «ጌታሁን፣ ዝም በል» አሉ ለራሳቸው።

በነጋታው ማሽኖቹ ለጽዳት ቆመው ሳለ ሽመና ክፍል ገብተው በየሠራተኛው ጀርባ እየቆሙ በቀስታ ስም ጠሩ። ቢጫ ሪባን ካሰሩት ውስጥ የዞሩት በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። እነዚያም የዞሩት ፊት ለፊት ያለው ጓደኛቸው በከንፈር ስለነገራቸው እንደሆነ ኋላ ታወቀ። ጋሽ ጌታሁን ወደ ቢሮ ተመልሰው ከኪሳቸው ያችን ሪፖርት አውጥተው ቀደዷት። አዲሱን በገዛ እጃቸው ጻፉ። «መብራቱ እንዲወርድ ያዘዝኩት እኔ ነኝ። ፎርማኑ አስጠንቅቆኛል። ሠራተኛዋ ጥፋት የለባትም» ይላል። በዚህ ላይ ፈረሙ።

ሥራ አስኪያጁ ይህን ሲያነቡ እሳቸውን ሳይሆን እኔን አስጠሩኝ። ወረቀቱን በሁለት ጣት ይዘው «ሰውየው ደንግጦ የማያውቀውን እየጻፈ ነው» አሉኝ። «መብራቱ በትእዛዝ ነው የወረደው ወይስ ተበላሽቶ? አንቺ የምታውቂው ነገር አለ?» ድምፃቸው ለስላሳ ነበር። የትኛውን መልስ እንደሚፈልጉ ለማወቅ የከንፈር ንባብ አያስፈልግም።

«እኔ ቢሮ ነው የምውለው። አላየሁም» አልኳቸው።

ጋሽ ጌታሁን እንዴት እንደሰሙ አላውቅም። በማግሥቱ ሚኒባስ ውስጥ እንደ ወትሮው አጠገቤ ተቀመጡ። ከደሴ ተነሥተን፣ የሐረጎን ቁልቁለት ጨርሰን፣ ኮምቦልቻ ገባን። ልንወርድ ስንል ወደኔ ዞሩ።

«ሰናይት፣ አንቺን እስከ ዛሬ ሳልመድብሽ ነው የቀረሁት» አሉኝ። «ትናንት አወቅሁሽ። መብራቱ ሲወርድ አይተሻል። ፎርማኑ ሲቃወም ሰምተሻል። ማስታወቂያውን በእጅሽ ጽፈሻል። ሦስቱም አለሽ። እግዜር አፍ ብቻ ነው የነሳሽ።»

ብዙ ሰው ሰድቦኝ ያውቃል። እንደዚያ ዘልቆ የገባኝ የለም። እስከ ሻይ ሰዓት ጠረጴዛዬ ላይ ተቀምጬ አንድም መስመር አልጻፍኩም። ከዚያ ተነሥቼ ደረጃውን ወጣሁ። የማስታወቂያውን ቅጂ ሥራ አስኪያጁ ፊት አስቀመጥኩት። «ትናንት ዋሽቼዎታለሁ። ይህን የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ መብራቱም ሲወርድ ቆሜ አይቻለሁ» አልኳቸው።

«ማን ጠየቀሽ?» አሉኝ።

«እርስዎ ነዎት፤ ትናንት።»

ነገሩ እንዲህ አለቀ። የከድጃ አደጋ የሥራ ላይ አደጋ ተብሎ ተመዘገበ፤ ስትድን ብርድ ልብስ የሚመረመርበት ክፍል ተዛወረች። ከዓይኗ የሚያመልጥ እንከን አልነበረም። ለሽመና ክፍል ሠራተኞች የጆሮ መሸፈኛ ተሰጠ። ለጆሮ የዘገየ ስጦታ ነው። እኔ ማስጠንቀቂያ ተጻፈልኝ። ጋሽ ጌታሁን ከኃላፊነታቸው ተነሥተው ዕቃ ግምጃ ቤት ተመደቡ፤ ጡረታ እስኪወጡም እዚያው ነበሩ። ሪባኖቹን ሴቶቹ ለፀጉራቸው አደረጓቸው።

ጋሽ ጌታሁን ወደ ግምጃ ቤት ከመሄዳቸው በፊት አንድ ቀን ብቻ እንዲሰጣቸው ለመኑ። ኤሌክትሪክ ሠራተኛ መጠበቅ አልፈለጉም። ከድጃ እጇን በፋሻ እንዳንጠለጠለች ልትጠይቀን የመጣች ዕለት፣ የሽመና ክፍሉ ማሽኖች ሁሉ ቆመው ሳለ፣ መሰላል አስመጥተው የአራተኛውን መስመር መብራት ሊሰቅሉ ወጡ። ሴቶቹ ከታች ተሰብስበው ይመለከታሉ። አዳራሹ ጸጥ ብሏል። ግን ከንፈሮቹ ሁሉ ይንቀሳቀሳሉ፤ ትከሻዎቹም እየተንቀጠቀጡ ነው።

ጋሽ ጌታሁን ከላይ ሆነው አዩአቸው። አሁን ማየት ለምደው ነበር።

«ሰናይት፣ ምን እያሉ ነው?» አሉኝ።

እኔም በዚያ ሰሞን ትንሽ ትንሽ ማንበብ ጀምሬ ነበር። የሚሉት ገብቶኛል። «መብራቱን ስለመለሱ እያመሰገኑዎት ነው ጋሼ» አልኳቸው።

ከድጃ የእኔን አፍ አየች። ከዚያ ራሷን ነቀነቀችና በዚያ በማትሰማው ድምፅዋ ጮኸች።

«ጋሼ፣ አትመኗት! ሱሪዎ ከኋላ ተተርትሯል ነው የምንለው!»

ጋሽ ጌታሁን በአንድ እጃቸው መሰላሉን ይዘው በሌላው ወደ ኋላቸው ዳሰሱ። እውነት ነበር። ፊታቸውን ወደ ከድጃ አዙረው፣ አፋቸውን በደንብ እየከፈቱ ጠየቋት።

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከፋሲካ ጀምሮ!»

አዳራሹ በሳቅ ተናጋ፤ ይሄኛው ድምፅ ነበረው። እሳቸውም መሰላሉ እስኪንገዳገድ ድረስ ሳቁ። በአራት ዓመት ውስጥ ሲስቁ ያየኋቸው ያን ዕለት ብቻ ነው። ከዚያ ዓይናቸውን በእጅጌያቸው ጠርገው አምፖሉን አጠበቁትና «አብሪው» አሉኝ።

አበራሁት።